የፓኬት ራመን አንጀት እንዲያርስ፦ ውኃው፣ ሰዓቱ፣ እንቁላሉና የቅመሙ ነገር

ጉልቻ (ውይይቱን የከፈተ)
ሰላም ቤተሰብ። የፓኬት ራመን፣ ማለትም ቶሎ የሚደርሰው ደረቅ ኑድልስ፣ ነገሩ በየውይይቱ ተበታትኖ ስለሚገኝ አንድ ቦታ እንሰብስበው ብዬ ነው። ብርድ ሲገባ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ወይም አምሽተው ገብተው ሽንኩርት ለመክተፍ እንኳ ጉልበት ሲያልቅ እንደዚህች ፓኬት ሆድ የሚያባብል ነገር የለም። ችግሯ ቀላል መስላ መናቋ ነው። «ውኃ አፍልቶ መጨመር ነው» ይባልና መጨረሻው የላሸቀ ኑድልስ በጨዋማ ውኃ ይሆናል።

ለጀማሪ እንዲሆን እነዚህን ብንመልስስ? ውኃው በትክክል ስንት ነው? ቅመሙ መቼ ይግባ? እንቁላሉ ሾርባውን ሳያደፈርስ እንዴት ይገባል? የመጀመሪያውን ውኃ መድፋት ጥቅም አለው ወይስ ወሬ ነው? የምታውቁ በቁጥር ተናገሩ። «ትንሽ ውኃ፣ ትንሽ ጊዜ» የሚል መልስ ለማንም አይጠቅምም።

የመረቅ ሰው
ከውኃው ልጀምር፤ አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚያ ነው። የኑድልሱ ክብደት ከፓኬቱ ጀርባ ተጽፏል። 85 ግራም አካባቢ ለሆነው ትንሹ ፓኬት ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ 120 ግራም ለሆነው ትልቁ 550 ሚሊ ሊትር ውኃ። በዓይን መገመት ይቅር። የሻይ ብርጭቆውም የውኃ ብርጭቆውም ማጉም የየራሱን ነው የሚይዘው፤ አንድ ቀን በመለኪያ ለክታችሁ የቤታችሁ ዕቃ ስንት እንደሚይዝ እወቁት፣ ከዚያ በኋላ አትቸገሩም።

ድስቱም ድርሻ አለው። ሰፊ ድስት ውስጥ ውኃው ስስ ሆኖ ይዘረጋና የኑድልሱ ጡብ ግማሹ ከላይ ይቀራል። ትነቱም ይበዛል፤ በኃይለኛ እሳት ለ4 ደቂቃ ክፍቱን የተንተከተከ ሰፊ ድስት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሊያጎድል ይችላል። ቅመሙ ግን ያው ነው። ሾርባው ጨው የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ከዚያ ሰው ፓኬቱን ይራገማል። ስፋቱ ከ16 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠለቅ ያለ ድስት ይበቃል።

ውኃው ተከድኖ ይፍላ። ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ማሳየቱ መፍላት አይደለም፤ መሃሉ መገላበጥ አለበት። ጡቡን ሳትሰብሩ አስገቡና 1 ደቂቃ አትንኩት። ከዚያ በሹካ ገልብጡት፣ የላዩ ወደ ታች ይሂድ። ከ30 ሰከንድ በኋላ በሹካው ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት። ገና እንደገባ በሹካ የሚወጋጋው ሰው ነው ክሩን የሚቆራርጠው፤ ውጪው ለስልሶ ውስጡ ገና ደረቅ ስለሆነ ሲነካ ይሰበራል።

ደቂቃ ቆጣሪ
ፓኬቱ ላይ «3 ደቂቃ» ሲባል ድስት ውስጥ የሚቆይበት ነው የሚቆጠረው። ኑድልሱ ግን ሳህን ውስጥ ገብቶም መብሰሉን አያቆምም፤ ሾርባው ትኩስ ነውና። ስለዚህ እሳቱን 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ላይ አጥፉ። እያወራ ቀስ ብሎ ለሚበላ ሰው 2 ከ15።

ምልክቱ ይህ ነው፦ አንድ ክር አውጥታችሁ ንከሱና የተነከሰውን ቦታ እዩት። መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ካለች ሰዓቱ ነው። ነጥቧ ከጠፋች አልፎታል፤ እስኪበላ ድረስ ይላሽቃል።

ሌላው ስህተት ከማቀዝቀዣ የወጣ አትክልት ከኑድልሱ ጋር እኩል መጨመር ነው። ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ኑድልሱ በለብታ ውኃ እየተነፋ ይቆያል፣ ውጪው ሲሟሟ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። አትክልቱ ይቅደም፤ ውኃው እንደገና ሲገላበጥ ኑድልሱ ይከተል።

ተራራ ላይ
ደቂቃ ቆጣሪ፣ ያልከው ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። ከፍታ በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የውኃ መፍያ ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 1500 ሜትር ላይ 95፣ 2400 ሜትር ላይ 92፣ 3000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው የሚፈላው። እሳት መጨመር ውኃውን ከዚያ በላይ አያሞቀውም፤ ትነቱን ብቻ ያበዛዋል።

ደግነቱ የስንዴ ስታርች ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ውኃ መጥጦ ማበጥ ስለሚጀምር 90 ዲግሪም ያበስለዋል፣ ብቻ ይዘገያል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለድስቱ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ጨምሩ፣ ክዳኑን በግማሽ ከድኑ፣ ውኃውንም በ50 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርጉት። በጣም የሚጎዳው ባለ ኩባያው፣ የፈላ ውኃ ተጨምሮበት እዚያው ኩባያው ውስጥ የሚበላው ነው፤ እሱ እሳት ላይ ስለማይሆን ሙቀቱ ከ92 ጀምሮ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። ለሱ 3 ሳይሆን 5 ደቂቃ፣ ከላይ በሳህን ተከድኖ።

ደቂቃ ቆጣሪ
ልክ ነህ። ነጯ ነጥብ ግን ከፍታ አትመርጥም። በሰዓቱ ሳይሆን በእሷ ሂዱ።

ጉልቻ
ቆይ፣ ስፓጌቲ 9 እና 10 ደቂቃ ይፈጃል። ይኼ በ3 ደቂቃ እንዴት ደረሰ?

የመረቅ ሰው
ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ነዋ። ፋብሪካ ውስጥ ሊጡ ተዳምጦ ይቆረጣል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ ከ140 እስከ 160 ዲግሪ በጋለ ዘይት ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ይጠበሳል። ውስጡ ያለው ውኃ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ሲያመልጥ የወጣበትን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። የፈላ ውኃ ስንጨምርበት በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። ጥሬውን ከፓኬቱ እየቆረጠሙ መብላትም ጉዳት የሌለው ለዚህ ነው።

ዘዴውን ለገበያ ያበቃው ሞሞፉኩ አንዶ ነው፤ ጃፓን፣ ኦሳካ ግዛት፣ ኢኬዳ ከተማ፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1958። የመጀመሪያው «ቺክን ራመን» የቅመም ከረጢት አልነበረውም፤ ቅመሙ ኑድልሱ ላይ ነበር። ባለ ኩባያው የመጣው በ1971 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ጡቡን ሰባብረው ኩባያ ውስጥ ከተው በሹካ ሲበሉ አይቶ።

ክሩ የተጠማዘዘውም ለውበት አይደለም። ከመቁረጫው ሲወጣ ሥሩ ያለው ማጓጓዣ ከእሱ ስለሚዘገይ እየታጠፈ ይከመራል። በመታጠፉ በክሮቹ መሃል ክፍተት ይቀራል፣ እንፋሎቱና ዘይቱም በዚያ ያልፋል። ቀጥ ብሎ ቢደራረብ ኖሮ እንደ ሰሌዳ ተጣብቆ በቀረ።

ብጫ መልኩና ሲነክሱት የሚመልሰው ነገር ደግሞ ሊጡ ውስጥ ከሚገባው ካንሱይ ነው፤ ሶዲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ካርቦኔት። እንቁላል የገባበት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው።

ፓኬቱ ላይ «ያልተጠበሰ» ወይም «በአየር የደረቀ» ካለ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ዘይት ውስጥ አልገባም፣ ቀዳዳው ጥቂት ነው፣ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። የተጠበሰው ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። ሁለቱን በአንድ ሰዓት ለክቶ «ይኼኛው አይበስልም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሹካና ማንኪያ
ስለ ዘይት ከተነሳ፣ የመጀመሪያው ውኃ መደፋት አለበት የሚባለውስ? ኑድልሱ እንዳይጣበቅ ሰም ይቀባል ይላሉ። ድስቱ ሲቀዘቅዝ ነጭ ነገር ዳሩ ላይ ይለጠፋል።

የመረቅ ሰው
ሰም የለበትም። ያ ነጭ ነገር ዘይቱ ነው። ለመጥበሻ በብዛት የሚጠቀሙት የፓልም ዘይት ነው፤ እሱ ደግሞ በክፍል ሙቀት ይረጋል። ከስታርች ጋር ተቀላቅሎ ድስቱ ላይ ሲረጋ ሰም ይመስላል። ሙቅ ውኃ አፍስሱበት፣ ወዲያው ይለቃል።

መድፋቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ዘይቱ ይቀንሳል፣ ኑድልሱ ውስጥ ያለው ጨው በከፊል ይወጣል፣ ሾርባው ጥርት ይላል። ኪሳራውም አለ፦ ሾርባውን ወፈር የሚያደርገው ከኑድልሱ የሚወጣው ስታርች ነው፤ ስትደፉት እሱም ይሄዳል። ብርድ ለመከላከል የሚፈለግ ወፍራም ሾርባ ከሆነ አትድፉ። ጥርት ያለ ከፈለጋችሁ በ1 ሊትር ውኃ 2 ደቂቃ ቀቅሉ፣ አጥልሉ፣ በሌላ ድስት ከተዘጋጀ 350 ሚሊ ሊትር ባለቅመም ትኩስ ውኃ ጋር ሳህን ላይ አገናኙት። 500 አትጨምሩ፤ ኑድልሱ ጥሙን ከመጀመሪያው ውኃ ጠጥቶ መጥቷል፣ ሾርባው ይቀጥንባችኋል።

እኔን ከጠየቃችሁ አልደፋም።

ጨው ፈሪ
እኔ ደግሞ የምለው ስለ ቅመሙ ነው። አንድ ፓኬት ብዙ ጊዜ ከ1500 እስከ 2000 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 በታች ነው የሚለው፤ በጨው ሲለካ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። አብዛኛው ጨው ያለው ከረጢቱ ውስጥ ስለሆነ ሁለት መውጫ አለ፦ ሙሉውን ጨምሮ ሾርባውን መተው፣ ወይም ግማሹን ብቻ ጨምሮ ሾርባውን መጠጣት። ሁለቱንም ሙሉ ማድረግ በየቀኑ አያዋጣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ግማሽ ቅመም በ500 ሚሊ ሊትር ውኃ ለምላስ ምንም አይደለም። ቅመሙን ስትቀንሱ ውኃውንም ወደ 350 ዝቅ አድርጉት፣ የጎደለውንም ጨው ባልሆነ ነገር ሙሉት። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በመጨረሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ። ሎሚው ኑድልሱ እየበሰለ እያለ አይግባ፤ አሲድ ካንሱዩን ያረክሰውና ኑድልሱ መልኩ ይገረጣል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል።

ባሮ ሽንኩርት
ጨው ሳይጨምሩ ጣዕም ማብዛት ለሚፈልግ፦ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ያ ምራቅ የሚያስመጣ ጣዕም በአብዛኛው የግሉታሜት ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናዬ ኢኬዳ በ1908 ከባሕር አረም ለይቶ ያወጣው ነው። ጥሩ ፓኬቶች ብቻውን አያስገቡትም፤ ኢኖሲኔትና ጓኒሌት የሚባሉትን ይጨምሩበታል፣ ምክንያቱም ሲገናኙ ከድምራቸው በላይ ያጣፍጣሉ። ይህን ቤት ውስጥ መድገም ይቻላል። የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ጓኒሌት አለው፤ ሁለቱን ሰባብራችሁ ከቀዝቃዛው ውኃ ጋር ጀምሩ። ቲማቲም ግሉታሜት አለው፤ ግማሹን ፍቃችሁ በትንሽ ዘይት 2 ደቂቃ አቁላሉና ውኃውን እዚያው ላይ አፍስሱ።

ከረጢቶቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ አንድ ላይ አይገቡም። ዱቄቱ ከኑድልሱ ጋር ቢበስል ክሩ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ግን እሳት ከጠፋ በኋላ፣ ሳህን ላይ። የዘይቱ ሥራ መዓዛ ነው፤ ድስት ውስጥ ከተንተከተከ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ወጥ ቤቱን አጥኖ ይሄዳል፣ ሳህኑ ላይ ቅባቱ ብቻ ይቀራል። የደረቀ አትክልት ያለበት ትንሽ ከረጢት ከሁሉ ቀድሞ በቀዝቃዛው ውኃ ይግባ፣ እስኪፈላ ይለሰልሳል።

ዱቄቱን በሚገላበጥ ውኃ ላይ ባንዴ ስትገለብጡ ግን ተጠንቀቁ። እያንዳንዷ ቅንጣት የአረፋ መነሻ ስለምትሆን ድስቱ ሽው ብሎ ይገነፍላል። ወይ ሳይፈላ፣ ወይ እሳቱን ዝቅ አድርጎ።

ጉልቻ
እንቁላሉስ? በየቤቱ የሚበላሸው እሱ ነው።

እማማ ድስቴ
ልጆቼ፣ እንቁላል ችኩል ሰው አይወድም።

ሙሉውን ለሚፈልግ፦ መጀመሪያ በትንሽ ሲኒ ይሰበር፤ በቀጥታ ድስቱ ላይ ከተሰበረ ቅርፊቱም ይገባል፣ አስኳሉም ይፈርሳል። ኑድልሱ ተፈልቅቆ 1 ደቂቃ ተኩል ሲሆነው እሳቱን ቀንሱ፣ ውኃው መገላበጡን ትቶ ቀስ እያለ ይንተክተክ። ኑድልሱን በሹካ ወደ መሃል ሰብስባችሁ እንደ ወፍ ጎጆ ጎድጎድ አድርጉት፣ ሲኒውን አስጠግታችሁ እንቁላሉን ጎጆው ላይ አንሸራቱት። ክደኑት። ከ1 ደቂቃ በኋላ እሳቱን አጥፉና ሳትከፍቱ 2 ደቂቃ ተዉት። ነጩ ይረጋል፣ አስኳሉ ይፈስሳል። ከዚያ በፊት ያማሰለ የራሱ ጉዳይ። ኑድልሱ በዚያ ጊዜ እንዳይላሽቅ እንቁላል የሚገባበት ራመን ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ መሆን አለበት።

እንደ ክር የሚዘረጋውን የሚፈልግ አንድ እንቁላል በሹካ ይምታ፤ አረፋ እስኪያወጣ አይደለም፣ ነጩና አስኳሉ እስኪገናኙ ብቻ። እሳቱን አጥፉ። አረፋው ሲሰክን ሾርባውን አንድ ጊዜ አዙሩና እንቁላሉን ከፍ አድርጋችሁ በቀጭኑ እያዞራችሁ አፍስሱ። ከዚያ 30 ሰከንድ እጃችሁን ሰብስቡ። ሾርባው የሚደፈርሰው እንቁላሉ ሳይረጋ ስለሚማሰል ነው። እየተገላበጠ ባለ ውኃ ላይ የፈሰሰ እንቁላል ደግሞ ፍርፋሪ ይሆናል።

ለብቻ የሚቀቀለው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በፈላ ውኃ 6 ደቂቃ ተኩል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ። ተራራ ላይ ያለው ልጅ እንዳለው ከፍታ ላይ ያላችሁ ደቂቃ ጨምሩ።

ሹካና ማንኪያ
እማማ እናመሰግናለን፤ የጎጆው ነገር ተያዘ። ማዮኔዝና ጥሬ እንቁላል ሳህን ላይ መትቶ ሾርባውን የማፍሰሱን ነገር እርስዎ እንዴት ያዩታል?

እማማ ድስቴ
ይጣፍጣል ልጄ፣ ወፍራም ያደርገዋል። ሳህኑ ላይ አንድ እንቁላል፣ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ የተፈጨ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የፓኬቱን ዱቄት በደንብ ትመታለህ። ነገሩ ያለው አፈሳሰሱ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጭልፋ በጠብታ በጠብታ፣ እየመታህ። ሁለተኛውን ትንሽ ፈጠን አድርገህ። ከዚያ ቀሪውንና ኑድልሱን። ባንዴ ከገለበጥከው እንቁላሉ ይቋጠርና የተጠበሰ እንቁላል በሾርባ ትበላለህ።

ግን ሾርባው ሳህን ላይ ሲደርስ ስለሚቀዘቅዝ እንቁላሉ 71 ዲግሪ መድረሱ እርግጥ አይደለም። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለሽማግሌና ለታመመ ሰው ይህን አትሥሩ። ጉንፋን ለያዘው የጎጆው ይሻለዋል፤ አስኳሉ እስኪረጋ ተከድኖ።

ባሮ ሽንኩርት
እሱን ካነሳችሁ ቺዝም ይነሳ። ለሾርባ የሚሆነው በፕላስቲክ የተጠቀለለው ለስላሳ ቁራጭ ቺዝ ነው፤ እዚህ ላይ ውዱ ቺዝ ይሸነፋል። ቁራጩ ውስጥ ስቡንና ውኃውን አስታርቆ የሚይዝ ጨው ገብቶበታል፣ ስለዚህ ይሟሟል። ቆይቶ የበሰለ ጠንካራ ቺዝ ግን ትኩስ ሾርባ ውስጥ ዘይቱን ይተፋና ቀሪው እንደ ማስቲካ ማንኪያው ላይ ይጠመጠማል። አንድ ቁራጭ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ከላይ አኑሮ 1 ደቂቃ መክደን።

የኦቾሎኒ ቅቤም ይሆናል፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ግን መጀመሪያ ለብቻው በትንሽ ትኩስ ሾርባ ይሟሟ። እንዳለ ከተጨመረ ድስቱ ሥር ተቀምጦ ያርራል።

አትክልት ላይ ብዙ አልልም። ካሮት በቀጭኑ ተቆርጦ ከኑድልሱ 3 ደቂቃ ቀድሞ፣ ጥቅል ጎመን ከኑድልሱ ጋር፣ ቆስጣ በመጨረሻው 20 ሰከንድ፣ የሽንኩርት ቅጠል ጥሬውን ሳህን ላይ። ውኃ የሚያወጣ አትክልት፣ በተለይ የባቄላ ቡቃያ፣ ሾርባውን ስለሚያቀጥን በእፍኝ ልክ ይቁም።

ጨው ፈሪ
ስለ ደረቁስ ማንም አላነሳም። ሾርባ የሌለው፣ እንደ ኢንዶሚ ሚ ጎሬንግ ያለው። እዚያ ላይ ውኃው ይደፋል፣ ክርክር የለም። ግን ጭልጥ አድርጎ ማጥለል ስህተት ነው። ቅመሙንና ዘይቱን ሁሉ ሳህኑ ላይ ቀድማችሁ ቀላቅሉ፣ ኑድልሱን አጥልሉ፣ ከመቀቀያው ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ አስቀርታችሁ ጨምሩና ባለ በሌለ ኃይላችሁ አማስሉ። ያ ውኃ ስታርች ስላለው ቅመሙን ክሩ ላይ ያጣብቀዋል። ያለሱ ዱቄቱ ቦታ ቦታ ይቋጠራል፤ አንዱ ጉርሻ አልጫ፣ ሌላው ጨው።

በመጥበሻ ለሚጠብስ፦ 1 ደቂቃ ተኩል ብቻ ቀቅሉ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁ፣ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ተዉት። እርጥብ ኑድልስ መጥበሻ ላይ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። መጥበሻው እስኪጤስ ይጋል፣ ከዚያ 2 ደቂቃ።

ተራራ ላይ
ኩባያውን ልጨርስ። ኑድልሱ ኩባያው ሥር ድረስ አይወርድም፤ መሃል ላይ ተወትፎ ሥሩ ባዶ ነው። ጉድለት አይደለም፣ ታስቦበት ነው፦ በጉዞ እንዳይሰባበር፣ ውኃውም ሥር ገብቶ ከታች ወደ ላይ እንዲያበስለው። ስለዚህ ወደ ታች በሹካ አትጠቅጥቁት። ውስጡ እስካለው መስመር ድረስ ሙሉ፣ ክደኑ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከሥር ወደ ላይ አማስሉ፤ ቅመሙ ታች ነው የሚቀመጠው። ካላማሰላችሁ መጀመሪያው ውኃ፣ መጨረሻው ጨው ይሆናል።

የአረፋ ፕላስቲክ ኩባያ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም። ክዳኑ ፎይል ከሆነም እንዲሁ። ማይክሮዌቭ ብቻ ላለው፣ ጡቡን በሴራሚክ ጎድጓዳ ሳህን 500 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ አጥልቆ፣ ሳይታሸግ በሳህን ከድኖ፣ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፤ መሃል ላይ አንዴ ገልብጦ። ሳህኑ ሲወጣ ያቃጥላል፣ ጨርቅ ያዙ።

እማማ ድስቴ
ልጆች ባሉበት ቤት ኩባያውን አትመኑት። ቁመቱ ረጅም፣ ሥሩ ጠባብ ነው፤ በክርን ሲነካ ይገለበጣል። ኑድልሱ ደግሞ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ ከውኃው ይልቅ እሱ ነው የሚያቃጥለው። ለሕፃን ወደ ሰፊ ሳህን ገልብጣችሁ አቀዝቅዛችሁ ስጡ። ከፈሰሰበት ልብሱን አውልቃችሁ 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙት፣ በረዶም ቅቤም አታስጠጉ።

ሹካና ማንኪያ
ጊዜው ያለፈበት ፓኬት ይበላል?

የመረቅ ሰው
ኑድልሱ ደረቅ ስለሆነ ሻጋታ አያገኘውም፣ የሚቀድመው ዘይቱ ነው። አየርና ብርሃን ዘይቱን ያበላሸዋል። ከፍታችሁ አሽትቱት፦ የቆየ ለውዝ ወይም የቀለም ሽታ ካለው፣ ሲነክሱትም ምላስ ሥር የሚመርር ከሆነ ጣሉት፣ ቅመም አይሸፍነውም። ቀኑ ሳይደርስም መስኮት ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሊበላሽ ይችላል። ሌላው ነገር፣ ራመን ሽታ ይስባል፤ ከሳሙናና ከልብስ ማጠቢያ ዱቄት ጋር አንድ ቁም ሣጥን አታስገቡት።

የተረፈውን ማሳደር ካለባችሁ ኑድልሱና ሾርባው ይለያዩ። አብረው ካደሩ ጠዋት ሾርባ የለም፣ ያበጠ ኑድልስ ብቻ ነው።

ጉልቻ
እጅ ነስቻለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፓኬቱ አልቆ ቅመሙ ብቻ ቢቀር፣ ቀጭን ስፓጌቲ ያንን ብጫና ጥንካሬ ያገኛል?

የመረቅ ሰው
ያገኛል፣ በቤኪንግ ሶዳ። እሱም እንደ ካንሱዩ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ብቻ ደከም ያለ። ለ1 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ውኃው ሳይፈላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ የፈላ ላይ ከገባ ምድጃው ድረስ ነው የሚገነፍለው። ቀጭኑን ስፓጌቲ ፓኬቱ ከሚለው 1 ደቂቃ ቀንሳችሁ ቀቅሉ። ውኃው ብጫ ይሆናል፣ ሽታውም የእንቁላል ይመስላል፤ አትደንግጡ። አጥልላችሁ በሙቅ ውኃ አንዴ አለቅልቁት፣ አለዚያ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሾርባውን በሌላ ድስት ሥሩ፣ በዚያ ውኃ አይሆንም።

ደቂቃ ቆጣሪ
ነጯን ነጥብ እዚያም ፈልጓት።